ለተሥላሴን ያላወቃት ኮምፒዩተር

ለክቡር የድንበር ካምቦዎች ትምህርት ማስተባበሪያ ኃላፊ
ገዳሪፍ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዲሰነብት፣ የመክተብዎ፣ በእኛ አነጋገር የቢሮዎ፣ ማቀዝቀዣም ሳያቋርጥ እንዲሠራ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከጉዳዬ በፊት በስሜ የሚወራ አንድ ወሬ ላርም። የካምቦ ሰባት አስተማሪ በማስተባበሪያው ኮምፒዩተሮች ላይ ጠበል ረጨች የሚል ወሬ እርስዎ ዘንድ መድረሱን ሰምቻለሁ። አልረጨሁም። በሳሕኑ የነበረው ለብ ያለ ውሃና ጥቂት የሰሊጥ ዘይት ነው፤ የነከርሁበትም የአንዲት ተማሪዬን አውራ ጣት ነው። ምክንያቱን በተራ ቁጥር አስረዳለሁ፤ በልጅነቴ ጎንደር ያስተማሩኝ ሰዎች ተራ ቁጥር የሌለው አቤቱታ አይቀበሉም ነበርና።

1ኛ. ለሠላሳ አራት ተማሪዎች ሠላሳ አራት ኮምፒዩተር ስለ ሰጡን አመሰግናለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ በዚህ የአጫጆች ካምቦ ለሁላችን የነበሩን ዘጠኝ መጻሕፍት ብቻ ነበሩ። ኮምፒዩተሮቹ የሚቆለፍ ክፍል ያስፈልጋቸዋል ስለ ተባለ ያለንን አንድ ክፍል ለቀንላቸው እኛ ውጭ ዳስ ሥር ተቀምጠናል። ልጆቹ ፀሐይ ለምደዋል፤ ኮምፒዩተሮቹ ግን እንግዶች ናቸው።

2ኛ. ኮምፒዩተሩ የሚከፈተው በተማሪው አውራ ጣት አሻራ ነው። ከተከፈተ ተማሪው ተገኝቷል፣ ካልተከፈተ ቀርቷል ብሎ ይመዘግባል። በዚህም የተነሣ የስም ጥሪ መዝገቤ እንዲቀር ታዘዘ። እጅግ የሚደነቅ አሠራር ነው፤ የፈለሰፈው ሰው ሰሊጥ አጭዶ አለማወቁ ብቻ ያሳዝናል። ለተሥላሴ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ከእናቷ ከማሬ ጋር ከጎህ ጀምራ እስከ ሦስት ሰዓት ታጭዳለች፣ ነዶ ታስራለች፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ትመጣለች። ማጭዱና ገለባው አውራ ጣቷን ልጠውታል፤ መስመር የሚባል አልቀረበትም። አርባ አንድ ጠዋት ጣቷን አኖረች፤ አርባ አንድ ጠዋት ቀይ መብራት በራባት። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ በሁለተኛው ሳምንት መሳቃቸውን ተዉ።

3ኛ. የላኩልን ባለሙያ ጎይቶም ትሑት ልጅ ስለሆነ አልወቅሰውም። «እትዬ፣ ማፊ መሽኪላ፣ ችግር የለም፤ እጇን ሁለት ሳምንት ታሳርፍና ሲስተሙ ያውቃታል» አለኝ። ምክሩን ሳላጓድል ለማሬ አደረስሁ። ማሬ ሳቀች። «እሷ ስታርፍ እኔን ማን ሊያሳርፈኝ ነው፣ እትዬ?» አለችኝ። ጣቷ ለስልሶ መስመሩ ቢታይ ብዬ ውሃውንና ዘይቱን የሞከርሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ መብራቱ ግን ያው ቀይ ነበር።

4ኛ. ባለፈው ሳምንት የፈተና ዝርዝር ደረሰን፤ ሠላሳ ሦስት ስም አለው። ለተሥላሴ አርባ አንድ ቀን በመቅረቷ ተሰናብታለች። ትእዛዙን ጥሼ በየቀኑ በእጄ የሞላሁትን መዝገብ ይዤ መክተብዎ ድረስ መጣሁ፤ ወረቀት እንደማይቀበሉ ጸሐፊዎ በትሕትና ነገረችኝ። በስንብት ወረቀቱ ላይ ስሟ «ለተስላሴ» ተብሏል። በንጉሡ ሥ እንጂ በእሳቱ ስ አይጻፍም። ልጅን የሚያሰናብት ቢያንስ ስሟን አስተካክሎ ይጻፍ።

ቁጥር ልሰጠው ያልቻልሁት አንድ ነገር ቀርቷል። ማሬ ኮምፒዩተሩን ስትረከብ በአውራ ጣቷ ፈረመች፤ መጻፍ አትችልም። ቀለሙን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ ለተሥላሴ አጠገቧ ቆማ ወደ ሌላ ታይ ነበር። እኔ አርባ ዓመት ያስተማርሁት ልጆች በጣት ከመፈረም እንዲድኑ ነው። ለተሥላሴ ስሟን ከነአያቷ በብዕር፣ ሳትሰርዝና ሳትደልዝ ትጽፋለች። እርስዎ ሠላሳ አራት ኮምፒዩተር አስጭነው መጥተው ወደ እናቷ ጣት መለሷት፤ ያንንም ጣት እንኳ ኮምፒዩተሩ አልተቀበላትም።

ቅዳሜ ዕለት ማሬ ልጇን ይዛ ለአጨዳ ወደ ፋሽጋ እርሻዎች ወጣች። አልተቆጣችም። «ማሽኑ አላውቃትም ካለ እኔ ምን ላድርጋት?» ብቻ አለችኝ። 

ፈተናው ሐሙስ ነው። ስሟን ለመመለስ የእርስዎ አንድ መስመር ይበቃል። ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ መስመሩን ራሴ ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው ፊርማ ብቻ ነው።

ለደጉ አሳቢነትዎ፣ ለማይሳሳተው መዝገብዎ፣ ለሚቆለፈውም ክፍላችን ያለኝን የማያልቅ ምስጋና በድጋሚ እያቀረብሁ፣

ቀርታለች የተባለችውን ልጅ አርባ አንድ ቀን በዓይኗ ያየች፣
ብፅአት አየነው
የካምቦ ሰባት አስተማሪ

ማሳሰቢያ፦ ነገ ከሥራ ገበታዬ ስለማልገኝ ኮምፒዩተርዎ ቀርታለች ብሎ ቢመዘግበኝ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ይሆናል። የማደርገውም በቅደም ተከተል ይህ ነው። ለአጫጆች ውሃ የሚያመላልሰው የሱፊያን ትራክተር ጭኖ ወደ ፋሽጋ ሲወጣ ተሳቢው ላይ እሳፈራለሁ። ራሴ ያወጣሁትን ፈተና እይዛለሁ፤ ከእናንተው ይከብዳል። ለተሥላሴን ባገኘሁበት እርሻ ዳር ጥላ ፈልጌ አስቀምጣታለሁ፣ ሰዓት ይዤ እፈትናታለሁ፣ እዚያው በቀይ አርማለሁ፤ አዝኜላት ግማሽ ነጥብ አልጨምርም። በመጀመሪያው እርሻ ካጣኋት ወደሚቀጥለው በእግሬ እሄዳለሁ። እዚያም ካጣኋት፣ ወደሚቀጥለው።