በሥዕል ክፍሉ ባዶ ስለቀረው ዐሥራ ሁለተኛ በርጩማ

ለተከበሩ ዶክተር ሮላንድ ፔትኪን
የቶርንዴል ኮሌጅ ዲን
ቬርሞንት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባለቤትዎ ጤና፣ በዚህ ብርድም ለጉልበትዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። የእኔ ጉልበት፣ ማንም ባይጠይቅም፣ ደኅና ነው። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ እንዲወጣ ያደረግሁት ጽሕፈት ቤትዎ ለግል ደብዳቤዎቼ የሚሰጠው መልስ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ ምናልባት ብዙ አንባቢ ቢኖረው ይረዝም ይሆናል በሚል ተስፋ ነው።

፩. በሁለቱ ሴሚስተሮች መካከል ስለምትሰጡት የጥር ወር ትምህርት ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከግቢያችሁ ማዶ ለሃምሳ ዓመት ስለኖርሁ፣ ተማሪው በዚህ ወር አንድ ትምህርት ብቻ ይዞ፣ እሱንም እስከ ቀትር ጨርሶ፣ የቀረውን ቀን ከምግብ አዳራሹ በወሰደው ትሪ ላይ ተቀምጦ በመስኮቴ ፊት ባለው ቁልቁለት በረዶ ላይ ሲንሸራተት አያለሁ። ትሪዎቹ ከዚያ በኋላ ይታጠቡ እንደሆነ አልጠይቅም። እኔ በዚሁ ኮሌጅ ስማር ጥር የፈተና ወር ነበር። ቁልቁለቱ ያኔም እዚያው ነበር፤ አንድም ቀን አልወረድሁበትም።

፪. የትምህርቱም ምርጫ የሚያስደንቅ ነው። ዘንድሮ ዳቦ የጋገሩ አሉ፤ ካልሲ የሠሩ አሉ፤ ሎሚ ሊያጠኑ ሲሲሊ ድረስ ሄደው አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ የተመለሱም አሉ። ውጤቱ «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ብቻ መሆኑ ርኅራኄ የተሞላበት አሠራር ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ፣ ተረከዝ የሌለው ካልሲ ማለፉን በዚህ ዕድሜዬ ለማየት በቅቻለሁና ዕድለኛ ነኝ።

፫. አሁን ወደ ሥዕሉ ክፍል ልምጣ። ክፍሉ ዐሥራ ሁለት በርጩማዎች ሲኖሩት የተመዘገቡት ዐሥራ አንድ ተማሪዎች መሆናቸውን ስለሰማሁ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ላይ እንድቀመጥ በኅዳር ወር በትሕትና አመለከትሁ። ከመዝጋቢው የደረሰኝ መልስ እንዲህ ይላል፦ «ቦታው ለተመዘገቡ ተማሪዎች ብቻ የተፈቀደ ነው። ሆኖም ክፍሉ ተቀምጦ የሚሳል ሰው ስለሚፈልግ፣ የእርስዎም ፊት ደስ የሚሉ ብዙ መስመሮች ስላሉት፣ በደስታ እንቀበልዎታለን።»

ሄድሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ከባዶው በርጩማ ፊት ለፊት ተቀመጥሁ። ልጆቹ መልካም ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ቴሳ የምትባለው ተማሪ «አርዲስ፣ አትነቃነቂ እንጂ፣ አፍንጫሽ ጠፋብኝ» አለችኝ፤ ኩፐር የሚባለውም ከወዲያ ሆኖ «አይዞሽ ቴሳ፣ እኔ ጋ ሁለት ስላለ አንዱን ውሰጂ» አላት። ባስተማርሁበት ዘመን በስሜ የሚጠሩኝ ባለቤቴና ሐኪሜ ብቻ ነበሩ። ይህንንም ከትምህርቱ አንዱ ክፍል አድርጌ ቆጠርሁት።

አንድ መስመር በተበላሸ ቁጥር ወፍራሙ ንጹሕ ወረቀት እየተጨማደደ ወደ ቅርጫት ይገባል። ሌላ ይወጣል። ያዛጋሉ። መምህርታቸው ሚስስ ሎው አንድ ማለዳ ላጲስ ያነሣውን ኩፐርን «ተወው፣ አታጥፋው፤ ስሕተቱ ይቆይና በላዩ ሳልበት» አለችው። እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ተወው።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከዚያው ሕንጻ ምድር ቤት፣ የላቲን መምህርቴ ሚስ ትሬድዌል መጽሐፍ የያዘ እጃቸውን በደብተሬ ጠርዝ ላይ ስዬ አገኙኝና፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ በላጲስ እንዳጠፋው አደረጉኝ። ከዚያ በኋላ አልሳልሁም። እናም ክቡር ሆይ፣ ያን ማለዳ ወንበሬ ላይ ሳልነቃነቅ ተቀምጬ የተሰማኝን ነገር ስለ ወረቀት ብክነት መቆርቆር ነው ብዬ ልጠራው ሞክሬ ነበር። ቅናት ነው። በሃያ ዓመት ልጆች ቀናሁ፤ በወጣትነታቸው ሳይሆን፣ «ተወው» ስለተባሉ።

ስለዚህ ለመጪው ጥር አንድ በርጩማ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ሰማንያ አራት ዓመቴ ስለሆነ ብዙ ጥሮችን የሚያስጠብቅ መልስ ባይሰጡኝ እወዳለሁ።

ጊዜዎን ስለወሰድሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ለኮሌጁ ባለኝ የማይቀንስ አክብሮት፣ የኮሌጅዎ የቀድሞ ተማሪ፣ የአሁን ጎረቤትዎና የሥዕል ክፍልዎ ዕቃ፣

አርዲስ ዊትኮም

ተጨማሪ፦ ዓርብ ዕለት በተማሪዎቹ ትርኢት ላይ ፊርማ በሌለው ሥዕል ፊት ረጅም ጊዜ ቆመው «ይሄ ልጅ እስከ ዛሬ የት ነበር? በሉ ስሙን ፈልጉልኝ» ማለትዎን በጆሮዬ ስለሰማሁ አመሰግናለሁ። ሥዕሉ ዐሥራ አንድ ተማሪዎች ጎንበስ ብለው ሲስሉ፣ በመካከላቸውም አንድ ባዶ በርጩማ ያሳያል። በየሃያ ደቂቃው እረፍት ይሰጠኝ ነበር፤ ልጆቹ ያበላሹትን ሲያርሙ ቀና አይሉም፤ ሚስስ ሎው ደግሞ ማየት የማይገባትን ባለማየት ረገድ የተባረከች ናት። በቀሩት ዐሥራ አንድ ሥዕሎች ሁሉ የእኔ ፊት ሲኖር በዚህኛው የሌለበትን ምክንያት ለማወቅ ጽሕፈት ቤትዎ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልገውም። ከተጠራጠሩም፣ ወረቀቱን ያነሣሁት ከቅርጫቱ ነውና፣ ገልብጠው ይመልከቱት፤ ሁለቱም አፍንጫዎቼ በጀርባው አሉ።