ውስጣቸው ስላልታየው አርባ ጠመንጃዎች

ለክቡር አቶ ወልደ ኢየሱስ
የሸለቆው መጋዘኖች ጥበቃ ድርጅት የዕቃ ርክክብ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሰመራ

ክቡር ሆይ፣ የሰመራ ሙቀት ከቢሮዎ ደጃፍ እንዳያልፍ፣ ኤሲውም እንዳይጠፋብዎ እየተመኘሁ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። እኔ አዋሽ የምገኝ የድርጅቱ የጦር መሣሪያ ጥገና ሠራተኛ ስሆን፣ ይህን የምጽፈው ኮሚቴዎ “እንከን የለሽ” ብሎ ፈርሞ ስለላከልን አርባ አዲስ ጠመንጃዎች ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መልካቸው አመሰግናለሁ። ሰደፋቸው ያብረቀርቃል፣ ብረታቸው ፊት ያሳያል፤ ውስጡን ግን ለቄስ። አፈሙዛቸውን ወደ ብርሃን አዙሬ ብመለከት፣ ብረቱን የቀረጸው የቶርኖ ማሽን ስለት ጥሎት የሄደው ጭረት ከዳር እስከ ዳር ተደርድሮ አገኘሁት። ነጭ ጨርቅ ባሳልፍበት ተቦጫጭቆና የብረት ፍቅፋቂ ይዞ ወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ጠመንጃ ስወለውል እንዲህ ያለ የሚያስጸይፍ ሥራ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ይህንኑ በጽሑፍ ባሳውቅዎ “መስመሮቹ ጥይቱን ለማሽከርከር ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው” ብለው ስላስተማሩኝ ውለታዎ አለብኝ። ጥይት የሚያሽከረክረው ቦይ እየተጠማዘዘ ወደ አፉ ይሄዳል፤ እኔ የጻፍኩልዎ ግን ያንን ቦይ አቋርጦ እንደ ቀለበት ስለሚዞር ጭረት ነበር። ሁለቱን ለመለየት መሐንዲስ መሆን አያሻም፣ ሳጥኑን መክፈት ይበቃል።

ሦስተኛ፣ የአዳይቱን መጋዘን አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀው ሀሰን፣ የተሰጠውን አዲስ ጠመንጃ በአፈሙዙ አጮልቆ ካየ በኋላ፣ “በዚህ ብተኩስ ጥይቱ ማንን እንደሚያገኝ አላህ ነው የሚያውቀው፤ ልጆች በሚያልፉበት መንገድ ይህን አልይዝም፣ ዱላዬ ይሻለኛል” ብሎ መለሰው። እርስዎም ይህን ሰው “ንብረት አልረከብም በማለቱ” ከሥራ እንዲሰናበትና ከነቤተሰቡ የሚኖርባትን የዘበኛ ቤት እስከ ሰኞ እንዲለቅ አዘዙ። ትእዛዙን ሳነብ ከጠመንጃዎቹ ይልቅ ፊርማው አስጠላኝ።

ስለሆነም ጠመንጃዎቹ ወደመጡበት እንዲመለሱ፣ ሀሰንም በሥራውና በቤቱ እንዲቆይ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ ሁሉን ማየት ለተቻላቸው ዓይኖችዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ እለምናለሁ።

የብዕርዎ ጥራት ሁልጊዜ የሚያስደንቀው ታዛዥዎ፣
ፍሬምናጦስ አትክልት
አዋሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት ከአርባዎቹ ይሻላል ያልኩትን አንድ ጠመንጃ መርጬ ለቢሮዎ በር ጠባቂ ለጁነዲን ልኬ ነበር። ሳጥኑ ሳይከፈት በዚያው መኪና ተመለሰልኝ። አብሮት በመጣው ወረቀት ላይ፣ በእርስዎ ፊርማና ማኅተም፣ “የቀድሞው ይበልጥ ስለሚታመን አዲሱን አንረከብም” ይላል። ንብረት አልረከብም ያለ ሁሉ ሰኞ የሚሰናበት ከሆነ፣ ሀሰን ብቻውን እንዳይሄድ ዕቃዎን ሸክፈው ይጠብቁት።