የሻምበሉ ምስክር ወረቀት

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ጧት 2 ሰዓት

ለሚኒስቴሩ የማቀርበውን አቤቱታ ለአራተኛ ጊዜ ገለበጥሁ። አንድ ስርዝ አለበት። እንደገና።

ማስታወሻዬ፣ የምጠይቀውን ታውቃለህ። መንግሥት እስረኛውን ይቀልብ፤ በሽተኛ በእግር ብረት አይታሰር። አስተማሪ ሳለሁ የገዢውን ልጅ ከክፍል አላሳልፍም በማለቴ በሐሰት ክስ ሁለት ዓመት ስታሰር፣ ከበዙ ጋር በአንድ ሰንሰለት አቆራኙኝ። የግሼ ሰው፤ ስንቅ አምጪ የለው። በገበያ ቀን ከነሰንሰለታችን ወጥተን እንለምን ነበር። ተስቦ ያዘው። የወህኒ ቤቱ አዛዥ፣ ሻምበሉ፣ ብረቱን አልፈታም አለ። ሞተ፤ ከሬሳው የፈቱኝ በማግስቱ ነው።

ሻምበሉ ዛሬም አዛዥ ነው። ሳልጥለው አልሞትም።

አ.አ. የማታ የሕግ ትምህርት ልገባ አመልክቻለሁ። ጡረተኛ ተማሪ እያሉ ይስቃሉ። ይሳቁ። ት/ቤቱ ግን ከታሰርሁበት ወ/ቤት የጠባይ ምስክር ወረቀት አምጣ ብሎኛል። ጠይቄአለሁ።

ጥቅምት 9

ምስክሩ መጣ። «አመፀኛ ነው። አብሮት የታሰረው በሽተኛ እስኪሞት ብረቱ ባለመፈታቱ በየቀኑ እየጮኸ ጥበቃውን አውኳል።» ፊርማ፣ ማኅተም፣ ቀን።

ዕንባዬ መጣ። ይህን ይዤ ማን ያስተምረኛል?

እንደገና አነበብሁት። ሳቅሁ። እኔን አጠፋለሁ ብሎ ብረቱን አለመፍታቱን በገዛ እጁ አመነ! በቃል ብከሰው ይክድ ነበር።

ጥቅምት 12፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ መልስ የንስሐ አባቴ አባ ወልዴ መጡ። ሻምበሉ ስሕተቱን ነቅቶበታል፤ የላካቸው እሱ ነው። ሌላ ምስክር ይዘዋል፤ «ጨዋና ታዛዥ» ይላል። የፊተኛውን ካልመለስሁ አይሰጡኝም። «ታዛዥ» የሚለውን በቀይ ላሰምርበት እጄን በላኝ።

«በዚህ ዕድሜህ ተማሪ? አኮፋዳ ላሰፋልህ እንዴ?» ብለው ቀለዱ። ቀጥለው ግን «ልጄ፣ ቂም ይዘህ ልትቆርብ ነው?»

«አልቆርብም፣ አባ።»

ደነገጡ። እኔም ደነገጥሁ። እስከ ነገ አስብበት ብለው ሄዱ።

ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ምዝገባው በ20 ይዘጋል። ያማረውን ምስክር ብቀበል ተማሪ ነኝ። በዙ ግን ያለ ምስክር ይቀራል።

አባ መጡ። ያማረውን ይዘውት ይመለሱ አልኋቸው። መስቀሉን ሳያሳልሙኝ ወጡ።

ነገ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን፤ ከዚያ አ.አ.። የሻምበሉን ወረቀት ከአቤቱታው ጋር ለሚኒስቴሩ በእጄ አስገባለሁ፤ ደረሰኝ ሳልቀበል አልወጣም። ከዚያ ባዶ እጄን ወደ ት/ቤቱ። መዝጋቢው ጠባይህ ምን ዓይነት ነው ቢለኝ፣ ቂመኛ ነኝ እለዋለሁ።