ከክፍል ዘጠኝ እስከ ክፍል ሁለት ስለሚሄደው ቧንቧ

ለተከበሩ አቶ የኋላሸት
የ«ምቹ ዕረፍት» የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ አስኪያጅ
መካነ ሰላም

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከጠረጴዛዎ ሥር ያለችው ትንሿ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም እንዴት ሰነበታችሁ? ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለእሷም የማይጠፋ መብራት ከልብ እመኛለሁ።

እኔን የሚያውቁኝ መጽሔት ላይ የሰውን ሠርግና የሰውን ኩርፊያ ስጽፍ ነው። ዛሬ ስለ ሙቅ ውሃ ቧንቧ ልጽፍ መነሣቴ ቢያስገርምዎት አልፈርድብዎትም፤ እኔንም አስገርሞኛል። ነገር ግን ክፍል ዘጠኝ የሚኖሩት እትዬ በለጡ አክስቴ ናቸው። ከማሻ አምጥቼ በእጄ ያስረከብኩዎትም እኔው ነኝ። ብቻዬን የምኖር፣ ቀኑን ሙሉ ከቤት የማልገኝ ሰው በመሆኔ፣ «ከእኔ ባዶ ቤት የሰው ድምፅ ያለበት ይሻላቸዋል» ብዬ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች ከማቀርበው ምስጋና የራሴን ድርሻ ራሴው አነሣለሁ።

እስካለፈው ዓመት ድረስ ቤቱ ያለው አንድ ምድጃ ብቻ፣ እሱም በአዳራሹ መካከል እንደነበር ያስታውሳሉ። ያጨሳል፣ ዐይን ያቃጥላል፤ ስለ ጭሱ ማንም አይከራከርዎትም። በዙሪያው ግን አሥራ አንድ አረጋውያን ይውሉበት ነበር። አክስቴና የክፍል ሁለቷ እትዬ ዘምዘም ጎን ለጎን ነበር የሚቀመጡት፤ አንዳቸው ሰው ሲያሙ ሌላኛቸው «አስተግፊሩላህ!» እያሉ ጆሯቸውን ያስጠጉ ነበር።

ከዚያ ዘመናዊው ማሞቂያ መጣ፤ ምድጃውም ወጣ። ጓሮ የቆመው ሂት ፓምፕ ከብርዱ አየር ሳይቀር ሙቀት ቀድቶ ወደ ውሃ እንደሚያስገባ፣ ውሃው በብረት ቧንቧ ክፍል ለክፍል እየዞረ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ራዲያተሮች እንደሚያሞቅ፣ ብርዱ ሲጠና ደግሞ በናፍጣ የሚሠራው ቦይለር እንደሚያግዘው በምረቃው ዕለት ተነገረን። አጨበጨብን። እኔማ እልል ብያለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረብ ይገባኛል።

1ኛ. ስለ ራዲያተሮቹ አመሰግናለሁ። ከደሴ የሚመላለሰው ቴክኒሻን ሁዜይፋ (ጨዋ ልጅ ነው፣ ገና አላገባም፤ ይህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው) እንዳስረዳኝ፣ ራዲያተሮቹ የተመረጡት ሰባ ዲግሪ ውሃ ይልካል ለተባለ ቦይለር ነው። ሂት ፓምፑ ደግሞ ሳይጨናነቅ የሚልከው አርባ አምስት ዲግሪ ነው። እንዲህ ለብ ባለ ውሃ ክፍል ለማሞቅ ራዲያተሩ ከእጥፍ በላይ መስፋት ነበረበት። ሁለቱን ያጋባቸው ሰው ሳያስተያያቸው ነው ያጋባቸው። የክፍል አምስቱ ጋሽ አድማሴ እጃቸውን ብረቱ ላይ አኑረው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «ይሄስ እንደ አማቼ ነው፤ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ አያስከፋም፣ አያስደስትም» ማለታቸውን በአደራ አደርሳለሁ።

2ኛ. ቦይለሩ ያለበት ክፍል ቁልፍ በእርስዎ ኪስ በመጠበቁ ምስጋናዬ ታላቅ ነው። እርስዎ ደሴ ለስብሰባ ሲሄዱ ቁልፉም አብሮ ይሰበሰባል፤ ውርጩ ግን እዚሁ ይቀራል።

3ኛ. የቤቱን ሁሉ ሙቀት የሚለካው መቆጣጠሪያ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ፣ ከወንበርዎ በላይ መሰቀሉ ለአረጋውያኑ ያለዎትን ቅርበት ያሳያል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚገባው በእርስዎ መስኮት ነው፤ ከጠረጴዛዎ ሥርም በደብዳቤዬ መግቢያ ሰላም ያልኳት ትንሿ ማሞቂያ አለች። መቆጣጠሪያው የእርስዎን ጉልበት ሙቀት ይለካና «ቤቱ ሞቋል» ብሎ ፓምፑን ያቆመዋል። እርስዎ ሲሞቅዎት አሥራ አንድ ሰው ሞቀው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውክልና ተመርጠው የሚቀመጡትም አላገኙት።

4ኛ. «ሙቀት እንዳይባክን በር ዝጉ» የሚለው ማስታወቂያዎ። ዲዛይኑ በር ተዘግቶ ነው የተሰላው ይላሉ፤ ለኮሪደሩ አንድም ራዲያተር አልተሰጠውም፣ ሰው ይቀመጥበታል ብሎ ያሰበ ስለሌለ። ክቡርነትዎ የአገራችንን ልማድ አያጡትም፤ በእኛ ዘንድ በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘግቶ የሚውል ሰው ወይ ኀዘን ደርሶበታል፣ ወይ ተቀይሟል። በሮቹ በተዘጉ በማግሥቱ ጋሽ አድማሴ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ክፍል ስድስትንና ክፍል ሰባትን ሊያስታርቁ ሄዱ። ክፍል ስድስትና ክፍል ሰባት አልተጣሉም። ቢሆንም ሽማግሌ መጥቶባቸው «አልተጣላንም» ማለት ነውር ስለመሰላቸው፣ ተነሥተው ተሳሳሙና ይቅር ተባባሉ። ምን እንዳጠፉ እስከ ዛሬ ይጨነቃሉ።

5ኛ. ይህንን እንዳለፈው ቀልጄ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

አክስቴ ዐይናቸው ደክሟል፤ እትዬ ዘምዘም ጉልበታቸው አይታዘዝም። ከዘጠኝ ቁጥር እስከ ሁለት ቁጥር ያለው ኮሪደር ለእነሱ ከማሻ መካነ ሰላም ነው፤ በዚያ ላይ ይበርዳል። ምድጃው ከወጣ፣ በሩም ከተዘጋ ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ተናፋፈቁ። ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት አክስቴ በከዘራቸው ቧንቧውን ሳያስቡት መቱት። ከወዲያ በኩል ተመልሶ ተመታ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ከዘጠኝ ቁጥር ሦስት ጊዜ ይመታል፤ «አለሽ ወይ?» ማለት ነው። ከሁለት ቁጥር ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ «አልሐምዱሊላህ» ማለት ነው። ሙቀት ማድረስ ያቃተው ቧንቧ ሰላምታ ሲያደርስ ከረመ። እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ አክስቴ ከዘራውን አስይዘውኝ እኔም መትቼ ነበር። መልሱ በብረቱ ውስጥ መጥቶ መዳፌን ሲነካኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንዴት ዋልሽ ያለኝ ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ።

ቢሮዎ ድምፁን «ቧንቧው ውስጥ የገባ አየር ነው» አለና ሁዜይፋን ሁለት ጊዜ አስመጥቶ አየር እንዲያስወጣ አደረገ። በሦስተኛው ሲመጣ አክስቴን ከነከዘራቸው ያዛቸው፤ ሥቆ፣ ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ። እርስዎ ግን አልሣቁም። ቧንቧ መምታት የሚከለክል ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ከሰኞ ጀምሮም ብረቱ ድምፅ በማያሳልፍ የፕላስቲክ ቧንቧ እንዲተካ መወሰንዎን ሰማሁ።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ራዲያተሩ ይጥበብ፣ ቁልፉም ከእርስዎ ጋር ይሰብሰብ፤ ብቻ ሰኞ ሳይደርስ የአክስቴን አልጋ ሁለት ቁጥር ያስገቡልኝ። ክፍሉ ሁለት አልጋ ይችላል፤ በሩም እንደ ማስታወቂያዎ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ሰው ራሱ ሙቀት እንዳለው የዲዛይን መጽሐፍ ሳይቀር ቆጥሮ ያስገባዋል ብሎኛል ሁዜይፋ። ሁለት አሮጊት ቢደመሩ ለማሽንዎም እገዛ ነው።

በሰፊ ትዕግሥትዎ፣ በሞቀ ቢሮዎና በተዘጉ በሮችዎ ፊት ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣ ለወደፊቱም እርጅና አይቀርምና በዚሁ ቤት እንግዳዎ ለመሆን ተራዋን የምትጠብቅ፣

ሰርካለም
የእትዬ በለጡ የእኅት ልጅ
ረቡዕ፣ ታኅሣሥ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ሳይላክ ሐሙስ መጣ። አክስቴ አንድ ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ መቱ፤ መልስ የለም። ደገሙ፤ የለም። ከዚያ ቤቱ እስኪናወጥ ቀጠቀጡት። ያለው የሚባለው ዘበኛ ሮጦ ገብቶ፣ «እትዬ፣ አይመታም ተብሏል እኮ!» ቢላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ እኔን ተወኝና ሁለት ቁጥርን ክፈት!» አሉት። እትዬ ዘምዘም ከንጋቱ በፊት ለሱብሒ ሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ሲነሡ ወድቀው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ሲሚንቶው ላይ ነበሩ። በተዘጋ በር ጩኸታቸውን የሰማ የለም። በሕይወት አሉ፤ ከሆስፒታል ልጃቸው ወደ ኩታበር ይወስዳቸዋል፣ አይመለሱም። ዘበኛው ሊነግርዎ ቢሮዎ ሲገባ መቆጣጠሪያው ሃያ ሁለት ዲግሪ፣ «ምቹ» ይል ነበር።

እንግዲህ የአልጋውን ልመናዬን አንሥቻለሁ። አክስቴ ግን ዛሬ ዓርብ ጠዋትም መትተዋል። ሰው እንደሌለ ብነግራቸው፣ «ይሁን፣ ድንገት ብትመጣ» አሉኝ። ስለዚህ ሰኞ ብረቱን ሊነቅሉ ለሚመጡት ሠራተኞች አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ አንድ ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ የሚሰሙት አየር አይደለም።