እህቴ ካትሪን መሐል ሜዳ የመጣች ሰሞን

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19። ከቅዳሴ መልስ።

የአባባን ኮት ለሦስተኛ ጊዜ እየተኮስኩ ነው። ካውያው ፍም በዝቶበት የክንዱን ጫፍ አቃጠልኩት። አልተቆጡም። ሰሞኑን ምንም አያስቆጣቸውም። ወፍጮ ቤቱን ለሠራተኛ ትተው ደጅ ቆመው የደ/ብርሃንን መንገድ ያያሉ። ገና ሦስት ቀን ይቀራታል ስላቸው፣ አውቃለሁ ይሉኛል። ተመልሰው ያያሉ።

ደብተሬ፣ ስሟን እስከ ዛሬ ፈርቼ አልጻፍኩልህም። ካትሪን። ታላቅ እህቴ። አባባ በደርግ ጊዜ የትራክተር ጥገና ሊማሩ ምሥራቅ ጀርመን ተልከው ሳለ ከአንዲት ጀርመናዊት የወለዷት። ስምንት ወር ሲሆናት ወደ አገራችሁ ግቡ ተባሉ፤ ገቡ። ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። እማዬን ያገቡት፣ እኔም የተወለድኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ባለፈው ክረምት የአባባን ስምና «መንዝ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዛ በፌስቡክ ፈልጋ አገኘችኝ።

እዚያ የታወቀች ሰው ናት። በልጅነቷ በቁንጅና ውድድር ዘውድ ደፍታለች። አሁን የከተማዋ ምክር ቤት አባል ናት፤ ለክልላቸው ፓርላማ እጩ እንድትሆን ፓርቲዋ ውስጥ ልትወዳደር ነው። እኔ የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ። ምን ብዬ እንደምቀበላት እንጃ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21።

እማዬ የእንግዳውን አልጋ አነጠፈች፣ አፈረሰች፣ እንደገና አነጠፈች። በመጨረሻ ከሣጥኗ አዲሱን ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብሱን፣ አወጣች። ለእኔ ሠርግ ያሠራችው ነው።

«ብርዱ ይጎዳታል» አለች፤ ሳልጠይቃት።

ሠርጉ እንደሆነ አልቸኮለም አልኳት። ሳቀች። ተመስገን፣ ሳቀች። አጋጣሚውን ተጠቅሜ ከፍቶሽ ይሆን አልኳት። አባባ ነገሩን ገና ሲያጯት እንደነገሯት፣ አውቃ እንዳገባቻቸው ነገረችኝ። ልጅ ምን አጠፋች፣ አለች። ስለ አባትየው ግን ምንም አላለችም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22። ማታ።

መጣች!

አባባ በጀርመንኛ ሊቀበሏት ሰሞኑን ሲለማመዱ ሰንብተዋል። ቋንቋው ጠፍቶባቸዋል፤ የቀረላቸው የጋራዥ ቃል ብቻ ነው። መናኸሪያው ላይ ከሚኒባሱ ስትወርድ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን «ብሬምዘ» የሚል ነው። ፍሬን ማለት ነው አሉ። ካትሪን መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። አባባ ቆመው ኮታቸውን ይቆልፋሉ፣ ይፈታሉ። እማዬ ናት እጇን ይዛ ያነሣቻት።

ረጅም ናት። ግንባሯ የአባባ ነው፣ ቁርጥ! ዳገቱ ትንፋሽ አሳጥሯት በየአሥር እርምጃው ትቆማለች። ጎረቤት እልል ይላል። እኔ ሻንጣ ተሸክሜ ከኋላ። ደስታዬ ቅናት ቢጤ አለበት። ለማንም አላወራም፣ ላንተ ብቻ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24። ከት/ቤት መልስ።

አባባ ስልኳ ላይ ፎቶውን አዩት። ዘውድ ደፍታ፣ ደረቷ ላይ ሪባን አጋድማ። ምን ሠርታ ተሸለመች አሉኝ። ቆንጆ ስለሆነች አልኳቸው። ቆንጆ ለመሆን እሷ ምን ሠራች፣ አሉና ወዲያው አፈሩ። ተረጎምኩላት። እኔም እስከ ዛሬ የምጠይቀው ይህንኑ ነው አለች። ከት ብላ ሳቀች።

ከዚያ አወራችን፤ በእንግሊዝኛ፣ እኔ እየተረጎምኩ። በከተማዋ እሷን የሚመስል ልጅ አልነበረም። መንገድ ላይ የማያውቋት ሰዎች ፀጉሯን ይነኩባት ነበር። ውድድሩ ላይ ጓደኛዋ ነች ያስመዘገበቻት። ያን ቀን አዳራሹ ቆሞ ሲያጨበጭብላት፣ በቃ፣ አሁን የዚህ አገር ሰው ሆንኩ ብላ አመነች። አልሆነም። ዘውዱ ስሟ ሆኖ ቀረ።

ነርስነት ተማረች። ሐኪም ቤት ሳለች የገጠሩ አውቶቡስ ተቋረጠ፤ ሽማግሌዎቹ መታከሚያ መምጫ አጡ። ሰው አስተባብራ ስትከራከር በዚያው ምክር ቤት ገባች። የመጀመሪያ ቀን ልትናገር ስትነሣ አንድ ነባር አባል፣ ንግሥታችን ምን ያዙናል፣ ብሎ አሳቀባት። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ደኅና ሆኖ ሳለ ሁለት ዓመት መነጽር አደረገች። እንዲሰሟት። አውቶቡሱን ግን አስመለሰችው።

እማዬ ሰውየው አሁንም አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አለ። ለእጩነት የሚወዳደራትም እሱ ነው።

እማዬ ከንፈሯን መጠጠች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26።

ቶሎ ልጻፈው።

የምርጫ ሥራዋን የሚያግዟት ሰዎች ደውለው ነበር። አባትሽ በልጄ እኮራለሁ ሲሉ አጭር ቪዲዮ ቅረጪና ላኪ፤ ይህ ካለሽ ታሸንፊያለሽ አሏት። አባባ እሺ አሉ፤ ፀሐይ ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። ካትሪን ስልኩን አስተካከለች። እንዲያው ስታያቸው ቆየችና ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ወደ እኔ ዞረች። አንድ ነገር ጠይቂልኝ አለች።

እንግሊዝኛው አንተና እርስዎን አይለይም። እርስዎ ብል ጥያቄው ይሞታል። እኔ አባባን በሕይወቴ አንተ ብዬ አላውቅም።

«ለምንድን ነው ያልፈለግከኝ?» አልኩ።

አባባ ደነገጡ። ከማን እንደመጣ ግን ገባቸው። እሷን እያዩ መለሱ።

«መፈለጉንስ ሁልጊዜም ፈልጌሻለሁ። ፍለጋ ግን አልወጣሁም። መጀመሪያ መንግሥት ከለከለኝ፤ ያ እውነት ነው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የከለከለኝ የለም። ብጠይቅ የሚያገኝልኝ ሰው ነበር። አልጠየቅሁም። ባዶ እጄን ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ እያልኩ… ፈራሁ፣ ልጄ።»

የመጨረሻዎቹን ዐረፍተ ነገሮች መዋጥ እችል ነበር። መንግሥት ከለከለው ብዬ ማቆም። ሁለቱም ሌላ መንገድ የላቸውም፤ በእኔ በኩል ነው የሚሰማሙት። አላደረግኩትም። ሁሉንም ነገርኳት፣ «መፈለግ» የሚለው ቃላችን መውደድም ማሰስም እንደሆነ ጭምር።

ተነሥታ ወጣች። አባባ እስኪመሽ ከወንበሩ አልተነሡም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27።

ካትሪን ቁርስ አልበላችም። አባባም አልበሉም። እኔ ት/ቤት ሄጄ የማስተምረው ጠፋኝ።

ስመለስ እማዬ ደጅ በርጩማ ላይ፣ ካትሪን ከሥሯ፣ እግሯ መካከል። ሹሩባ እየሠራቻት። አንዲት የጋራ ቃል የላቸውም። እማዬ ጭንቅላቷን ወዲህ ስትል ወዲህ፣ ወዲያ ስትል ወዲያ። አንገቷ ላይ ቅቤ ወርዷል። ካትሪን ዓይኗን እንደጨፈነች አወራችኝ፤ ለውድድሩ ፀጉሯን በጋለ ብረት ሲያቃኑት ጆሮዋን አቃጥለዋታል። እናቷም ፀጉሯን እንዴት እንደምትይዘው አታውቅም ነበር፤ ትላጨውና ታለቅስ ነበር። ለእማዬ ነገርኳት።

«እኔ አለሁልሽ በያት» አለች እማዬ፤ እጇን ሳታቆም።

ነገርኳት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29። ገና።

በጉ ታረደ፣ ጾሙ ተፈታ። ጎረቤት ገባ፣ ወጣ። እንደ በዓሉ ወግ የአባባን ጉልበት ሳምኩ፤ መረቁኝ። ቀና ስል ካትሪን ከኋላዬ ቆማለች። እኔን አይታ ጎንበስ አለች። አባባ ሊመርቋት ጀመሩ፣ አቃታቸው፤ ይቅር በይኝ አሉ። ተረጎምኩ። መልሷን ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ ይቅር ማለቱን ገና እንዳልቻለች፣ ቂም ይዛ ግን እንደማትሄድ።

ይህም ደግ ነው አሉ አባባ። ከሥጋው ለይተው ፍሪምባውን አጎረሷት። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ ስታኝክ እንባዋ ወረደ፣ እማዬ ውሃ አቀበለቻት፣ ሁላችንም ሳቅን።

ዓርብ፣ ጥር 1።

ሄደች። ቪዲዮው አልተቀረጸም። ቢያስፈልግሽስ ብላት፣ ሰው ያለቅስ ነበር፣ ድምፅም አገኝበት ነበር አለች። «የእኔና የእሱ ነገር ግን ገና መጀመሩ ነው፤ ለማን አሳየዋለሁ?» አለች።

ባናውን እማዬ በግድ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችላት። ቤቱ ሰፋብን።

እሑድ፣ ጥር 10። ከተራ።

የፓርቲው ምርጫ ትናንት ነበር፤ ኔትወርክ ግን አልነበረም። ዛሬ ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ስልኬ ጮኸ። ካትሪን። ተሸንፋለች። በጥቂት ድምፅ፣ በዚያው ሰውዬ። መድረክ ላይ አንዱ፣ ከቁንጅና ሌላ ምን ይዘሽ መጣሽ አላት። አውቶቡሱን ተሳፍረህ ከመጣህ መልሱን ታውቀዋለህ አለችው። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። ግማሹ።

ምክር ቤቱ ውስጥ እቀጥላለሁ አለች፤ ደኅና ነኝ አለች። ደኅና ነኝ እያለች ለቅሶ ቀደማት። አባባ አጠገቤ ነበሩ። ትርጉም አላስፈለጋቸውም።

ረቡዕ፣ ጥር 13። ጠዋት።

ጥምቀት አለፈ። አባባ ዛሬ ማለዳ ቀሰቀሱኝ። ፓስፖርት የት ነው የሚወጣው አሉ። አዲስ አበባ አልኩ። እንሂድ አሉ። ስታለቅስ ሰምቼ እዚህ አልቀመጥም አሉ።

እማዬን አየኋት። ስንቅ እየቋጠረች ነው። ለካ ከእኔ በፊት ተመካክረዋል። አባባ ከእኔ ጋር እንዲሄዱ፣ ወፍጮውን እሷ እንደምታይ። እኔም? አልኳት። አንቺ ከሌለሽ በምን አፉ ያወራታል፣ አለችኝ።

ኋላ ተስፋ እንዳይቆርጡ ብዬ ቪዛ ሊከለክሉን ይችላሉ አልኳቸው። ጫማቸውን እያሰሩ ነበር።

«ይከልክሉኝ። እነሱ ይከልክሉኝ እንጂ እኔ ራሴን ደግሜ አልከለክልም» አሉ።

ር/መምህሩን ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ። ልብሴንም አላዘጋጀሁ። ሚኒባሱ ጥሩንባ እየነፋ ነው፣ አባባ ከደጅ ይጣራሉ፣ የቀረውን አዲስ አበባ ስደርስ—