አራት መርፌ የታዘዘለት ማይክሮስኮፕ

ለተከበሩ የንብረትና ጠቅላላ አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ማኅተም የሚመታው ቀኝ እጅዎ ደህና ከሆነ እኛ ምን ጎድሎብን፤ ከአንድ ማይክሮስኮፕ በቀር።

እኔ በምርምር ተቋሙ ወርክሾፕ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ የምሠራ፣ ከአሥረኛ ክፍል በላይ ትምህርት ያልተስማማኝ ሰው ነኝ። ታላቅ እህቴ ግን እላይ ፎቅ ባለው ላቦራቶሪ ሦስት ዓመት ሙሉ ተጨንቃ ከጡጫ የማይበልጥ ባለአራት መርፌ ማይክሮስኮፕ ነድፋለች፤ ብረቱን የቆረጥኩላት እኔ ነኝ። መሣሪያው እንደሌላው በመስታወት አያይም፤ በመርፌዎቹ ጫፍ እየዳሰሰ፣ ከፀጉር ሺህ ጊዜ በቀጠነች ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍ ይለካል። እስከ ዓርብ አንድ ልኬት ለገምጋሚዎች ካላሳየች ሥራው ተዘግቶ፣ እሷ ፕሪንተር ጠጋኝ ትሆናለች። በዚህ ጭንቅ ሰዓት ክፍልዎ ለዋለልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ለማይክሮስኮፑ ባቀረብነው የዕቃ ግዢ ጥያቄ ላይ «አራት መርፌ» የሚለውን እንዳዩ ወረቀቱን በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ስለመሩልን እናመሰግናለን። ሲስተር ጥጥና አልኮሏን ይዛ መጥታ በሽተኛው የቱ እንደሆነ ብትጠይቀኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ነው አልኳት። እሷም ጎንበስ ብላ አይታው፣ ውይ፣ ይሄማ ሲወለድም ኪሎው አልሞላም ብላን ሄደች።

፪. ኮሚቴዎ «ሦስቱ ድግግሞሽ ስለሆኑ አንድ መርፌ ይበቃዋል፤ ካልተሻለው ይደገምለታል» ብሎ በቃለ ጉባኤ ስለወሰነልንም እንዲሁ። ነገሩ እንኳ፣ ሁለቱ መርፌዎች ኤሌክትሪኩን ይሰጣሉ፣ ሁለቱ ይለካሉ። ሰጪውም ለኪውም አንድ ከሆነ፣ ራሱ ሲነካካ የፈጠረውን እንቅፋት በምስኪኗ ሽቦ ያላክካል። ማላከክ ለክፍልዎ እንግዳ ስላልሆነ ይህ ቶሎ ይገባዎታል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ።

፫. «አንዴ ያገለገለ መርፌ ይወገዳል» በሚለው መመሪያ፣ እህቴ ሳምንት ሙሉ ያሾለቻቸውን አራቱንም ስላስወገዱልን። ሽቦዋ ምንም በሽታ ሳይተላለፍባት በሰላም አለች። እህቴ ግን እንቅልፏን አጥታ ሌሎች አራት አሹላለች።

፬. ከሁሉ የሚበልጠው፣ ሰኞ ዕለት ሦስት ሰዎች ልከው፣ የጤና ማረጋገጫ እስኪቀርብ ድረስ ማይክሮስኮፑን እንዲያሽጉ ስላደረጉ ነው። እንዴት ያሉ ሥራ አክባሪዎች ናቸው! ማንንም በጥያቄ ሳያደክሙ ወረቀት ለጥፈው፣ ማኅተም መትተው፣ በአምስት ደቂቃ ውልቅ አሉ። እኛም ከአክብሮት የተነሣ ቃል አልተነፈስንም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ጊዜ ሲተርፍዎ፣ እንደሚተርፍዎም አልጠራጠርም፣ እሽጉ እንዲነሣልን ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

በወርክሾፑ «ብሎን» እየተባልኩ የምጠራ፣ ሲያጠብቁኝ የምላላ፣ ሁልጊዜም ታዛዥዎ።

ማስታወሻ፦ ሰዎችዎ ያሸጉት ማይክሮስኮፑን አይደለም። ያን ያህል የተጮኸለት ዕቃ ትንሽ አይሆንም ብለው ይመስለኛል፣ ከክፍሉ ትልቁን ነገር፣ የምሳ ማቀዝቀዣችንን ነው ያሸጉት። ማይክሮስኮፑማ የእሽጉን ፎርም የፈረሙበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ይህ ደብዳቤ ሳይላክ ዓርብ ደረሰና፣ ዛሬ ጠዋት እህቴ በአራቱም መርፌ ለክታ አሳይታ፣ ገምጋሚዎቹ ሥራው ይቀጥል ብለው ፈርመውላታል፤ ስለዚህ በእኛ በኩል ጥድፊያ የለም። ብቻ ማቀዝቀዣው ከሰኞ ጀምሮ ከነምሳችን ስለታሸገና ሰዎችዎ ለመለጠፍ ሲሉ ሶኬቱን ስለነቀሉት፣ ሊከፍቱ ሲመጡ በቅድሚያ አፍንጫዎን እንዲያሽጉ በትሕትና አሳስባለሁ።