በወንድ ልጄ ስም የነበረው ስልክ

እኔ፣ የሰፈሩ ሰው «እማማ መቀስ» እያለ የሚጠራኝ ልብስ ሰፊ፣ ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በገዛ ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ ተደግፌ ተቀምጬ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም አልሸሸገኝም። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። የሚጠራጠር ካለ የማንን ሱሪ ወገብ ስንት ጊዜ እንዳሰፋሁ ይጠይቀኝና እዚሁ በሰው ፊት እነግረዋለሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። የሚጽፉልኝ ጡረታ የወጡት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ የምናገረውን ሳያሳምሩ እንዲጽፉ ቃል አስገብቻቸዋለሁ።

አንደኛ፤ በጓሮ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች ከነዕቃቸው ለበኩር ልጄ ይሁኑ። አባቱ ሲሞት ቀብሩን ያስፈጸመው፣ ጣሪያውን ያስቀየረው እሱ ነው። ልጄ ክፉ ሰው አይደለም። ከዚህ በታች የምናገረው እንዲከፋው አልፈልግም፤ ይሁን እንጂ ሳልናገረው ብሞት እኔን ይከፋኛል። እሱም በሩ ላይ ቆሞ እየሰማኝ ነው።

ሁለተኛ፤ መንገድ ዳር ያለው የስፌት ክፍል ለምራቴ፣ ለልጄ ሚስት፣ በራሷ ስም ይሁን። ልጄ የመለዋወጫ ዕቃ ማከማቻ ሊያደርገው አስቧል። አይሆንም። ምራቴ እዚያ ኢንተርኔት አስገብታ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ሴቶች ታስተምራለች፤ መልእክት መጻፍ፣ ገንዘብ መላክ፣ የልጅን የፈተና ውጤት ማየት። ባሏ ስልኩን ይዞባት የሚወጣ ሴት ሁሉ እዚያ ገብታ እህቷን አግኝታ ትወጣለች። እኔ ደግሞ ጥግ ተቀምጬ የመጣችውን ሁሉ «ሲም ካርድሽ በማን ስም ነው?» እያልኩ አስቸግራለሁ። ይስቁብኛል። «በባሌ ስም ነዋ እማማ፤ ምን ለውጥ አለው?» ይሉኛል። እኔም በጊዜዬ እንዲያው ነበር የምለው።

ሦስተኛ፤ ይህ ስለ ሴት ልጄ ነው። ጸሐፊው «ስለ ንብረቱ ብንቀጥል ይሻላል» አሉኝ። ከልጄ የሚበልጥ ንብረት የለኝም፣ ይጻፉ አልኳቸው።

ልጄ ጎበዝ ነበረች። ኮምፒውተር የተገዛው ለወንድሟ ነው፤ እሱ ኳስ ሜዳ ሲውል የምትነካካው ግን እሷ ነበረች። እኔ ዘንድ ቁልፍ እየሰፋች ባጠራቀመችው ስልክ ገዛች። አባቷ ሲያይ «ሴት ልጅና ስልክ አንድ ላይ ከገቡ ቤት ይፈርሳል» ብሎ ቀማት። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ እንዳልሰማ ሆኜ እጅጌ አገላበጥኩ። በማግስቱ ወጥታ ሄደች። ወዴት እንደሄደች አላውቅም። በቃሏ የምትይዘው ቁጥር የእኔ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ኩርፊያዋ ሲበርድ ትደውላለች ብዬ ስልኬን ከሽርጤ ኪስ አላወጣም ነበር።

ያን ቁጥር ያወጣልኝ ወንድ ልጄ ነው። መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበት ስለነበር «ምን አደከመሽ፣ በስሜ ላውጣልሽ» አለኝ፤ እኔም መርቄ ተቀበልኩ። በኋላ አዲስ ሥራ ሲይዝ በስሙ የወጡት ቁጥሮች በዝተዋል ተባለና ትርፍ የመሰለውን አዘጋ። ትርፉ የኔ ሆነ። ስልኬ ዝም ሲል ወደ ጠጋኙ ወሰድኩት። «እማማ፣ ስልኩስ ደህና ነው፤ ቁጥሩ ነው የተዘጋው» አለኝ። ልጄን ብጠይቀው «ለዚህ ነው እንዴ የምትጨነቂው? ሌላ አወጣልሻለሁ» አለ። አወጣልኝም። እሱንም በስሙ።

ከርሞ አንድ ግንበኛ ሲሚንቶ በጫማው ይዞ ወደ ክፍሌ ገባ። «ዩኒፎርም የሚሰፉት እርስዎ ነዎት? በእናትዎ ደንበኞችዎን ያስቁሙልኝ፤ ‹የልጄ ቀሚስ ደረሰ ወይ› እያሉ ቀኑን ሙሉ ከመሰላል ያወርዱኛል» አለ። ለካ የተዘጋውን ቁጥሬን ቴሌ ለእሱ ሸጦለት ኖሯል። ተሳሳቅን። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«አንዷስ ቀሚስም አልጠየቀች። ‹እማዬን አቅርብልኝ› አለች። ተሳስተሻል ብዬ ዘጋሁባት። ደጋግማ ደወለች። መጨረሻ ላይ እያለቀሰች ‹እናቴ ናት እንዲህ በላት ያለችህ?› አለችኝ። ሥራ አስፈታችኝና ቁጥሯን አገድኩት።»

እግዚኦ! መቀሱ ከእጄ ወደቀ ብል ውሸት ነው፤ እንዲያውም አጥብቄ ያዝኩት። ያኔውኑ እገዳውን አስነስቼ አስደወልኩት፤ የሷ ቁጥር ከአገልግሎት ውጪ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። መታወቂያ ማሳደስ እኮ የአንድ ጠዋት ሰልፍ ነበር። ይቆጨኛል፤ እንዴት እንደሚቆጨኝ የምናገርበት ቃል የለኝም፣ ጸሐፊውም አይፈልጉልኝ።

አራተኛ፤ ዛሬ እዚሁ ከምስክሮቹ ጋር የተቀመጠው ግንበኛ ቁጥሩን ልመልስልዎ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ለሥራ የሚጠራው በዚያው ነው፣ ገንዘቡም የሚገባለት በዚያው ነው። የሰው ጉሮሮ አልዘጋም። ስለዚህ ይዞት ይቆይ። በሚሠራባቸው ጅምር ሕንፃዎች መብራት ስለሌለ ስልኩ እየጠፋ ያስቸግረዋል፤ በፀሐይ የሚሞላውን ባትሪዬን ለእሱ ሰጥቻለሁ። ጸሐፊው «ስጦታ የሚቀበል ሰው ምስክር ሊሆን አይችልም» አሉ። ግንበኛው «እንግዲያው ምስክርነቱ ይቅርብኝ» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ልጄ ብቻ አልሳቀም።

አምስተኛ፤ የስፌት መኪናዬ የሴት ልጄ ነው። እስክትመጣ ምራቴ ዘይት እየቀባች ታቆይላት። ልስጥ ልሽጥ የሚል ቢመጣ አትስማው።

አንተ ልጄ፣ ሚስትህ የኢንተርኔቱን መስመር በራሷ ስም ስታስገባ «አታምኚኝም ማለት ነው?» ብለህ ሦስት ቀን አኩርፈሃል። ታምንሃለች። እኔም አምንህ ነበር። ክፉ ብትሆን ኖሮ እጠነቀቅህ ነበር፤ የጎዳኝ ደግነትህን ማመኔ ነው። ሴቶች ልጆችህ ለአቅመ መታወቂያ ሲደርሱ ይዘሃቸው ሂድና ስማቸውን ራሳቸው ያስመዝግቡ፤ አንተ ውጭ ቁመህ ጠብቃቸው።

ልጄ እዚህ ላይ «እማዬ፣ እኔ እኮ እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም» አለ። አውቃለሁ ልጄ። መናገሩም ይጻፍለት።

የመጨረሻው ቃሌ ለግንበኛው ነው። እኔ ካለፍኩ በኋላ ከደወለች፣ መሰላል ላይም ብትሆን ውረድና እንዲህ በላት፦ «እናትሽ አልዘጋችብሽም። ቁጥሩ በስሟ አልነበረምና ሲዘጋ የጠየቃት የለም። ስትጠብቅሽ ነው የሞተችው።» በቃሉ እስኪይዘው ድረስ አስደገምኩት። የመጨረሻውን ቃል ሁለት ጊዜ ዘለለው፤ እኔም መልሼ አስባልኩት።

ይህ ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በምስክሮች ፊት ተነቦልኛል፤ ያልኩት ነው፣ ያላልኩት አልገባበትም። ከዚህ በፊት የተናዘዝኩት የለም። በገዛ እጄ፣ በገዛ ስሜ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ልብስ ሰፊዋ (ፊርማ)

ሲናዘዙ ሰምተን፣ ሲፈርሙ አይተን የፈረምን ምስክሮች፦
አዋላጇ ጎረቤት (ፊርማ)
ዳቦ ጋጋሪው (ፊርማ)
የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት (ፊርማ)
ጡረተኛው መምህር (ፊርማ)

ጸሐፊ (ፊርማ)

ከዚህ በታች በግንበኛው እጅ የተጻፈ፦
እኔ ምስክር አይደለሁም። ስልኬ ክፍት ነው።